ቀለሙ አልደረቀም

ሠራተኛ ሰፈር፣ ከቀጥቃጮች ተራ፣
ጋሽ ወንድይፍራው ነበር ሰሌዳ የሚሠራ።
«ጥርስ እዚህ ይሞላል፣ ደግሞም ይነቀላል»፣
ግንቡ ላይ በቀይ «መሽናት ክልክል» ይላል፤
በዚህ ነው የሚያድር።

ከዚያ በፊት ግን፣ በስድሳ ዘጠኝ፣
«ለሌላው መሬት ሲታደል፣ ለኔ ጣራ ደረሰኝ»
ብሎ ያጫውተናል፤ ሰማይ ጠባቂ ነበር፣ ከለገሃር በላይ፤
አንድ መነጽር፣ አንድ ደብተር፣ በሲባጎ የታሰረ እርሳስ፣
የነሐሴ ዝናብ፣ ካቦርቱን እስኪያርስ።
የጠላት አውሮፕላን ባጠገቡ አላለፈም፤
ደብተሩን አይተናል፤ ካሞራ በቀር አልጻፈም፤
በሰዓት፣ በደቂቃ፣ ከምሥራቅ የመጣ፣
አንድ አሞራ። ሁለት አሞራ።

እኛን ያስተማረን በቆርኪ ነው።
ከነሙላቷ ግሮሰሪ ደጅ የለቀምነውን፣ የቢራውን፣ የአምቦውን፣
በመዶሻ ጠፍጥፎ፣ ዳሩን አስተካክሎ፣
ከሰሌዳ በተረፈው ቀለም፣ ከድመት ጠጉር ባበጀው ብሩሽ፣
የዓለምን አየር ኃይል ሁሉ ክብ ክቡን ሣለበት።
ሃያ ሦስት ናቸው። ቤታቸው የኒዶ ጣሳ።

ከግቢው ጥግ ቆሞ አንዱን ያነሣና፣
ሁለት እስኪቆጥር ነው፤ ወዲያው መዳፉ ይውጠዋል።
«የማን ነው?»
ቀይ ክብ፣ ብቻውን፤ «የጃፓን!»
ቀይ ኮከብ፣ ጠርዙ ነጭ፤ «የሶቭየት!»
ነጭ ኮከብ በሰማያዊ፤ ይቺን ሲያነሣ ፊቱ ይጠቁራል።
እንግሊዝና ፈረንሳይ ግን ሲያጣሉን ኖሩ፤
ያው ሰማያዊ፣ ያው ነጭ፣ ያው ቀይ፣ መገለባበጡ ነው ነገሩ።
«ከዳር ወደ መሐል አንብቡ እንጂ፣ እንደ ሽንኩርት ልጡት፤
መሐሉን ብቻ አይታችሁ የሰው አገር በሰው አገር አትለውጡት።»
የጠጅነሽ ልጅ ባዩህ ሁልጊዜ «ፈረንሳይ!» ነው፤
ያልተቀባ የአምቦ ውሃ ቢያሳዩትም «ፈረንሳይ!» ነው።

የኛ ሲወጣ ስም አይጠራም፤ ይጨበጨባል።
አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ።
«ይሄን ያየ» ይለናል፣ «ሥራውን ይቀጥላል።
ከራሱ ሰው አይሸሽም።»

በሰማንያ አንድ፣ መስከረም ሁለት፣
አብዮት አደባባይ ሰልፉ ሲደምቅ፣
ሦስት ጀቶች በቸርችል ጎዳና አናት ዝቅ ብለው መጡ።
ቆርቆሮው ሁሉ ተንቀጠቀጠ። እኛ አጥር ላይ ወጥተን፣
«የኛ ነው! የኛ ነው!»
ትርሓስ፣ ክረምቱን ከሰሜን መጥታ የኋላዋን ክፍል የተከራየች፣
ምስር ትለቅም ነበር።
ሰፌዱን ጣለች። ከሥዕል ጠረጴዛው ሥር ገባች፣
የቀለም ጣሳ ላይዋ ላይ እየተደፋ።
ጋሽ ወንድይፍራው በርከክ ብሎ፣
«አይዞሽ እቴ፣ ምልክቱን አይቼዋለሁ። የኛ ነው» አላት።
«እኔም አይቼዋለሁ» አለች።
«ያለ መነጽር። በገበያ ቀን፣ ዝቅ ብሎ ሲመጣ፣
የአብራሪውን ቆብ እስካይ ድረስ።
አረንጓዴው፣ ቢጫው፣ ቀዩ።
እዚያም የኛ ነበር።»

ቃል አልወጣውም።
ከአቧራው ላይ ምስሩን አንድ በአንድ መልቀም ያዘ፣
ሰማይ ሲጠብቅ በኖረ ዓይኑ፣ እስኪመሽ።

በሳምንቱ ቆርኪው ሃያ ሁለት ሆነ።
ባዩህ ነው የጠየቀው፤ «የኛስ፣ ጋሼ?»
«ቀለሙ አልደረቀም» አለው።
በዓመቱም አልደረቀም። መንግሥት ሲለወጥም አልደረቀም።
ትምህርቱ ግን ቀጠለ፤ መዳፉን ባዶ ያነሣል፤
«ድምፅ ሰማችሁ? መጀመሪያ ጣራ ሥር።
የማን ነው የሚባለው ኋላ ነው።»

ዛሬ ግቢው የለም፤ የብስክሌት መንገድ አለፈበት።
ቀጥቃጮቹ ወዴት እንደተበተኑ እንጃ።
ባለፈው፣ ለበዓል ልምምድ ይሁን ለሌላ፣
አንድ ጀት ፒያሳን ሰንጥቆ ሲያልፍ ሰዉ ስልኩን አነሣ፤
እኔ ካውቶቡስ መጠበቂያው ጥግ ተለጠፍሁ።
አንድ ጎረምሳ ሳቀብኝ፤
«እትዬ፣ የኛ እኮ ነው።»
«ይታየኛል፣ ልጄ» አልሁት፤
ከዳር ወደ መሐል አነበብሁት፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣
ቀዩ ላይ ሳልደርስ ደመና በላው።